ደረጃ በሌለው ቤት

ጥቅምት 3

እታለም፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ የካርድሽን ግልባጭ እስካሁን ያልላክሁበትን ምክንያት ለመንገር ነው። ሰላምታዬን ወደ ታች ያወረድሁት ንቄሽ አይደለም፤ በሰላምታ ከጀመርሁ እዚያው ላይ ተንጠላጥዬ ዋናውን ነገር ሳልጽፍ እንደምጨርስ ራሴን ስለማውቀው ነው። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ሦስት ጊዜ እንደዚያ አድርጌ ሦስቱንም ቀድጃለሁ።

ግልባጩ ተዘጋጅቷል። አሥራ ስምንት ገጽ ነው፤ ማኅተም ተመትቶበት በመሳቢያዬ ተቀምጧል። ሐኪምሽ የጠየቀችው ሁሉ አለበት፤ የራስ ራጁ፣ የደም ምርመራው፣ ከተማውን ለቅቀሽ እስክትሄጂ ድረስ በአራት ዓመት ውስጥ ወደዚህ ሆስፒታል የመጣሽባቸው አሥራ አራት ቀናት። ያልላክሁት በመጀመሪያው ገጽ፣ በሦስተኛው መስመር፣ «የጉዳቱ ምክንያት» ከሚለው ፊት ለፊት «ከደረጃ ወድቃ» ተብሎ ስለተጻፈ ነው። ጽሕፈቱ የእኔ ነው።

ያን ቀን ታስታውሺው እንደሆነ አላውቅም። ሰኞ ጠዋት ነበር፤ እኔ ካርድ ክፍል ከተቀጠርሁ አራተኛው ወር ነበር። አንቺ ሻርፕሽን እስከ ቅንድብሽ አውርደሽ፣ እማማ ክንድሽን ይዛ መጣችሁ። እንደ ማንኛውም ታካሚ በመስኮቱ በኩል «ምን ሆነሽ ነው?» ብዬ ጠየቅሁሽ። የወለሉን ንጣፍ ታዪ ነበር። እማማ ቀድማ «ከደረጃ ወድቃ ነው» አለች፤ ቀጥላም ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «ጻፊ እንጂ፣ ምን ታፈጪብኛለሽ?» አለችኝ።

ጻፍሁ።

የክፍላችን ደንብ «ታካሚው ያለውን ጻፍ፣ ከራስህ አትጨምር» ይላል። ስድስት ዓመት ራሴን ያጽናናሁት በዚህ ደንብ ነበር። ነገር ግን ታካሚዋ አንቺ ነበርሽ፤ አንቺ ደግሞ ምንም አላልሽም። ያኔ ከባልሽ ጋር የነበራችሁበት ቤትም ከመኝታ ክፍሉ እስከ መንገዱ ድረስ አንድ እርከን የለውም፤ ስንት ጊዜ ጠርጌዋለሁ። አውቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያዩሽ ሐኪሞች በሙሉ ያችን መስመር እየገለበጡ ሄዱ። የራስ ምታት፦ «ቀድሞ ከደረጃ የወደቀች»። የልብ ትርታ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የሆድ ቁርጠት፦ «ቀድሞ ከደረጃ የወደቀች»። በአሥራ አንደኛው ቀንሽ ላይ አንዱ ሐኪም «ስትራመድ እንድትጠነቀቅ ተመክራለች» ብሎ ጽፏል። ይህን ካነበብሁ ወዲህ ወንበሬ ላይ መርጋት አቅቶኛል፤ የማያወጣውን ካርድ እንደሚፈልግ ሰው በመደርደሪያዎቹ መካከል እመላለሳለሁ።

ስለ እማማ ጠይቀሽኛል። ደህና ናት፤ ጉልበቷን ብቻ ነው። እማማ ቤት አሁንም ማን እንደሚመላለስ ለጠየቅሽኝ ግን በሌላ ደብዳቤ ልመልስልሽ።

አሁን ሰላምታዬን ተቀበዪኝ። እንደምን አለሽ? «ደህና ነኝ» የሚል መልስ እንዳትጽፊልኝ እለምንሻለሁ።

ታናሽሽ


ጥቅምት 12

አራት ነጥቤ፣

ግልባጭ ላኪልኝ አልኩሽ እንጂ ተናዘዢልኝ አልኩሽ? በሰባት ዓመትሽ ሱቅ ስትላኪ እንኳ የምትገዢውን ጽፈሽ መጨረሻው ላይ አራት ነጥብ ታስቀምጪ የነበርሽ ልጅ፣ ዛሬም ያው ነሽ። አልተሻለሽም።

ያን ቀን ትዝ ይልሻል ወይ ላልሽው፣ ንጣፉ ትዝ ይለኛል። ከእግሬ ፊት ዘጠኝ ነበሩ፤ አንዷ ተሰንጥቃለች። መስኮቱ ግን ትዝ አይለኝም። የጠየቀችኝ ልጅ አንቺ መሆንሽን ያወቅኩት እማማ ኋላ ስትነግረኝ ነው። ስለዚህ ስድስት ዓመት ሙሉ በማላስታውሰው ነገር ስትቃጠዪ ከርመሻል። ምን ላድርግልሽ?

«ደህና ነኝ» አትበዪ ብለሻል። እሺ፣ እንግዲህ ስሚ። እዚህ ፋብሪካ ጨርቅ ቆራጭ መሆኔን ታውቂያለሽ። ሃምሳ ጨርቅ አንዱ ባንዱ ላይ ተነጥፎ በኤሌክትሪክ ቢላ ባንዴ ይቆረጣል፤ እጅሽ ትንሽ ከሳተ ሃምሳ እጅጌ ገደል ገባ። መስከረም ላይ አንዱ ጫኝ ከኋላዬ አንድ ጥቅል ጨርቅ መሬት ላይ ጣለ። ዱብ! ራሴን ያገኘሁት ጠረጴዛው ሥር ነው። ሴቶቹ ሳቁ። እኔም «ቁልፍ ወድቆብኝ ነው» ብዬ አብሬ ሳቅኩ። እጄ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ይንቀጠቀጣል። አለቃችን ክፉ ሰው አይደለም፤ «እህቴ፣ ጣትሽን ሳትቆርጪ» ብሎ ክር ቆረጣ ላይ አዞረኝ። የጀማሪ ሥራ ነው። እስከ ታኅሣሥ ማለቂያ እጄ ካልረጋ ቢላዬ ለሌላ ሰው ይሰጣል።

እንቅልፍ አልሽ? ባንድ ዓመት ሦስት ክፍል ቀየርኩ። የመጀመሪያው መወርወሪያው ላላ ይላል። ሁለተኛው መስኮቱ ወደ መተላለፊያው ነው። ሦስተኛው ጥሩ ነበር፤ ግን አከራዬ ሲራመድ ተረከዙን ይጎትታል፣ ልክ እንደሱ። ሰውየው ምን አደረገሽ በዪኝ። ምንም። ተራመደ። ጓዜን ጠቅልዬ ወጣሁ።

ከዚያ ቤት ከወጣሁ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። እኔ አውቃለሁ። ሰውነቴ ግን ወሬው አልደረሰውም።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። ያንቺ ብጤ ናት፤ ጠይቃ ዝም ትላለች። ቀጠሮዬ ኅዳር 18 ነው፤ አሮጌውን ካርድ ሳላይ መድኃኒት አልጀምርልሽም ብላኛለች። ያለውን እንዳለ ላኪው፤ ደረጃም ይሁን ጣሪያ ግድ የለኝም።

አዲሱን አድራሻዬን ጀርባው ላይ ጽፌልሻለሁ። ፖስታ እንዳይጠፋ ብዬ ፋብሪካው በየትኛው በር እንደሚገባም ጨምሬአለሁ። ለእማማ ሰላም በዪልኝ። ሌላ ምንም አትበዪያት።


ጥቅምት 21

እታለም፣

ግልባጩ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ነው። ከራሴ ምንም አልጨመርሁበትም። ለሐኪምሽ ማስታወሻ ላያይዝላት አስቤ ብዕር አንሥቼ ነበር፤ ነገር ግን የአንቺን ታሪክ ያለ አንቺ ፈቃድ ከጻፍሁት፣ ለሁለተኛ ጊዜ በአንቺ ቦታ መናገሬ ይሆናል ብዬ ተውሁት። መናገሩም ዝም ማለቱም የአንቺ ነው።

ይታረም እንደሆነ ብትጠይቂኝ፣ አዎን፣ ሥርዓት አለው። በካርድ ላይ የተጻፈ ስህተት አይፋቅም፣ በነጭ ቀለምም አይሸፈንም። በላዩ ላይ አንድ ቀጭን መስመር ብቻ ይሰመርበታል፤ ከሥሩ ያለው መነበብ አለበት። ከበላዩ እውነተኛው ይጻፋል፣ ይፈረማል፣ ቀን ይደረግበታል። ይህ ግን የሚሆነው በታካሚዋ ቃል ብቻ ነው። ጋሼ መደርደሪያ እንደነገረኝ (አለቃዬን ሁላችንም በዚህ ስም ነው የምንጠራው፤ ቁመቱም ዝምታውም ያው ነው) የወረቀት ካርዶች ታኅሣሥ 15 ይዘጋሉ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ወደ ኮምፒዩተር ይገባል፤ በወረቀቱ ላይ የተገኘው እንዳለ ይሻገራል።

እማማ ደብዳቤሽን አስነበበችኝ። ጉልበቷን እያሸች እስከ መጨረሻው ሰማችኝ፤ ሲያልቅ አንዴ ድገሚልኝ አለች።

ማን እንደሚመላለስም ልመልስልሽ፤ መዘግየቴ ጥፋት ነው። እሱ ነው። ባለፈው ሳምንት የእማማን ቧንቧ ጠግኖላታል። እኔ ሥራ ላይ ስሆን ነው የሚመጣው።

ታናሽሽ


ኅዳር 4

አድራሻ የለውም ይሄ ደብዳቤ። መልስሽን በሐኪሟ ስም ላኪው፤ ነግሬያታለሁ።

ማክሰኞ ዘበኛው ክር ቆረጣ ድረስ መጥቶ «ደስ ይበልሽ! ወንድምሽ በር ላይ ቆሟል። ያን ሁሉ መንገድ ብርቱካን ተሸክሞልሽ መጥቷል» አለኝ። ወንድም እንደሌለን አንቺም ታውቂያለሽ።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን አልጽፍልሽም። የልብስ ማጠቢያው ክፍል በጓሮ በኩል በር እንዳለው ብቻ ልንገርሽ።

አልነካኝም። አላየኝም እንኳ። በማግስቱ ሄዷል አሉ። እኔ ግን ማንኪያ መያዝ አቅቶኝ ሾርባዬን በኩባያ ነው የምጠጣው። የጠጣሁትም አይረጋልኝም። የወር አበባዬ አሥር ቀን ቀድሞ መጣ። የምተኛው ተቀምጬ ነው። አምስተኛ ክፍል ይዣለሁ፤ የት እንደሆነ አልነግርሽም።

ያን አድራሻ የጻፍኩት ለአንድ ሰው ነው። ማን ሰጠው? በአንድ መስመር መልሺልኝ። ማብራሪያ አልፈልግም።


ኅዳር 11

እታለም፣

እኔ ነኝ።

አንድ መስመር ብለሽኛል፤ መስመሩ ይኸው ነው። ከዚህ በታች ያለውን የማንበብ ግዴታ የለብሽም።

ከዚያ ካርድ በኋላ ውሸት በእጄ እንዳይጻፍ፣ ከአፌም እንዳይወጣ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር። እማማ «ሳትቀንሺ አንብቢልኝ» ስትለኝ፣ ቀንሶ ማንበብ መዋሸት መስሎ ታየኝ። ከቀኑ እስከ ስንብቱ አንድ ቃል ሳልዘል አነበብሁላት። አድራሻውን አነበብሁ። የፋብሪካውን በር አነበብሁ። «ሌላ ምንም አትበዪያት» ያልሽውን እንኳ ድምፄን ሳልለውጥ አነበብሁት። እውነት መናገርና የሰውን ምስጢር መጠበቅ ሁለት ልዩ ግዴታዎች እንደሆኑ ስንት መጽሐፍ ላይ አስምሬበታለሁ፤ በሚያስፈልገኝ ቀን ግን አልለየኋቸውም።

እማማን ጠየቅኋት።

«ታማለች ብዬ ነው የነገርኩት» አለችኝ።

«ለማን?»

«ለባሏ ነዋ።»

«ባሏ አይደለም፣ እማማ።»

«ብቻዋን በሰው አገር እየተንቀጠቀጠች ከምትቀር ቢታረቁ ይሻላል ብዬ ነው። ሰው ይለወጣል እኮ! ቧንቧውን ያየሽው እንደሆነ፣ እንዴት አድርጎ እንደሠራልኝ…»

«ብርቱካኑን ማን ገዛው?»

«አንቺ ብርቱካን ስለምትወጂ» አለች፤ «እሷ» ማለቷ ነበር፣ ግራ ገብቷት ነው።

የኅዳር 4ቱን ደብዳቤሽን አላነበብሁላትም። ማንኪያ መያዝ እንዳቃተሽ ብቻ ነገርኋት። ይህንንም ያለ ፈቃድሽ ነው ያልሁት፤ በበደሌ ላይ ጨምሪው። ተነሥታ ጓዳ ገባችና በሩን ዘጋች።

ይቅርታ አልጠይቅሽም። ይቅር ማለት ሥራ ነው፤ አሁን በአንቺ ላይ ሌላ ሥራ መጫን አልፈልግም። የምለምንሽ የኅዳር 18 ቀጠሮሽን እንዳትቀሪ ነው። ለዘበኛውም እውነቱን ንገሪው፤ ሰውየው ከተመለሰ በር ላይ የሚያገኘው እሱን ነውና።

ታናሽሽ


ኅዳር 20

አራት ነጥቤ፣

ሄጃለሁ።

ኮሪደሩ ላይ ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ልወጣ ነበር። ሁለተኛው ላይ የፅዳት ሠራተኛዋ ወለሉን አርጥባው «ቁጭ በይ፣ ትወድቂያለሽ» አለችኝ። በዚህ ዓለም ላይ ሁሉም ሰው ስለ መውደቄ ይጨነቃል!

ሐኪሟ ግልባጩን ከፈተች። የመጀመሪያውን ገጽ አይታ «ደረጃው ስንት እርከን ነበረው?» አለችኝ። ሌላ ነገር ፈልጋ አይደለም፣ ምን ያህል ከፍታ እንደወደቅኩ ልትጽፍ ነው። አፌን ከፍቼ ቁጥር ልጠራላት ስል «ቤታችን ደረጃ የለውም» አልኳት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እኔም እንደ እንግዳ ሰማሁት። ብዕሯን አስቀመጠች። «እሺ» አለችና ጠበቀችኝ።

ነገርኳት። ምን ምን እንዳልኳት አልጽፍልሽም፤ ያንቺ መሳቢያ አይችለውም።

ምን አለችሽ ማለትሽ አይቀርም፤ የራስ ምታቱ፣ ሆዴ፣ ልቤና እጄ አራት በሽታ አይደሉም አለችኝ። አራት ይዤ ገብቼ አንድ ይዤ ወጣሁ፤ ይህም ትርፍ ነው። እብደት አይደለም፣ ስንፍናም አይደለም፤ ሰውነትሽ ኮቴ ሲያዳምጥ ዓመታት የኖረ ነው፣ ማዳመጡን እስኪተው ጊዜ ይፈልጋል አለች። በየሳምንቱ ረቡዕ እሄዳለሁ። ለእንቅልፍ የሚሆን ኪኒን ጀምራልኛለች፤ ትናንት ጋደም ብዬ አራት ሰዓት ሙሉ ተኛሁ። ራሴንም እንደገና ራጅ ታስነሣዋለች፤ የያኔው ራጅ የታየው ለመውደቅ ነው እንጂ ለተደጋገመ ምት አይደለም አለች።

ለዘበኛው ነገርኩት። እንዴት እንደተቆጣ! «ወንድም ነኝ ብሎኝ እኮ! ስሞኝ እኮ ነው የሄደው!» ይላል። አሁን ወንበሩን በሩ መሀል አድርጎ «ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የሚባል በዚህ አያልፍም፣ የራሴም ቢሆን» እያለ ሠራተኛውን ሁሉ ያስቃል። አለቃችን የሐኪሟን ወረቀት አይቶ ቢላዬን እስከ ጥር ማለቂያ ይዞልኛል።

ተቀይመሻል ወይ ማለትሽ አይቀርም። አዎ። አልበረደልኝም። ክፉ ነሽ ማለት ግን አቅቶኛል፤ ብችል ይቀለኝ ነበር።

ካርዱ ግን ይቅር። እዚያ ከተማ እግሬን አላነሣም። ደግሞ እማማ ባደባባይ ትዋረዳለች። ሐኪሟ «የኋላው ካልታረመ በሄድሽበት ሆስፒታል ሁሉ እንደገና ትወድቂያለሽ» አለችኝ። ልውደቃ! ለምጄዋለሁ።

እማማን አትጥሪብኝ፣ እሺ?


ኅዳር 29

እታለም፣

ይህን የምጽፍልሽ አንድ ነገር እንድታደርጊ ለመጠየቅ ነው። ጥያቄውን ከማቅረቤ በፊት ግን ሐሙስ ዕለት የሆነውን ማወቅ ይገባሻል።

እማማን አልጠራኋትም። ራሷ መጣች። ወረፋ ይዛ፣ እንደ ሰዉ ቁጥር ወስዳ ቆየችና መስኮቴ ጋ ደረሰች።

«ምን ፈልገሽ ነው፣ እማማ?» አልኋት።

«እማማ አትበዪኝ። እንደ ሰዉ ጠይቂኝ።»

«ምን ሆነው ነው?» አልሁ፤ አንቱ ስላት የመጀመሪያዬ ነበር።

«እኔ ምንም አልሆንኩም። ልጄ ከደረጃ አልወደቀችም። ወድቃ ነው ያልኩት እኔ ነኝ፤ እሷ አላለችም። ይሄ ይጻፍልኝ።»

ድምፅዋን አልቀነሰችም። ከኋላዋ የቆሙት ሴቶች ወሬያቸውን አቆሙ። ጋሼ መደርደሪያ ወጥቶ ወንበር አቀረበላት፤ በሥራ ዘመኔ ለማንም ወንበር ሲያቀርብ አይቼው አላውቅም። ቃሏን ተቀብሎ ጻፈ፣ አነበበላት፣ አውራ ጣቷን ቀለም አስነክቶ አስፈረማት። ስትነሣ «እኔስ ብሆን» አለችው፣ «ሠላሳ ዓመት ሙሉ የታከምኩት በጨጓራ ስም ነው።» እሱም «የእርስዎንም ካርድ ላውጣ?» አላት። «የኔ ይቆይ። መጀመሪያ የልጅቷ» አለችው።

ሰውየው ከጉዞው እንደተመለሰ እማማ ቤት ሄዶ ነበር። ቧንቧው እንደገና ማፍሰስ ጀምሯል። መፍቻውን ይዞ በሩ ላይ ቢቆም «ይንጠባጠብ» ብላ ዘጋችበት። ይህን የነገረችኝ እሷ ሳትሆን ጎረቤቷ ናት። አሁን ከሥሩ ባልዲ አድርጋበታለች፤ ቀኑን ሙሉ ጠብ ጠብ ሲል እሱን እየሰማች ትቀመጣለች።

ለእታለም ምን ልበልልሽ ብያት ነበር። «ሌላ ምንም አትበያት ብላ የለ?» አለችኝ። ስለዚህ ከእማማ የማደርስልሽ መልእክት የለም።

ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። የእማማ ቃል ብቻውን ካርዱን አያርምም፤ የአንቺ ያስፈልጋል። እዚህ መምጣት አያስፈልግሽም። ጋሼ መደርደሪያ ደንቡን ከጥግ እስከ ጥግ ሲያገላብጥ አገኘው፤ መምጣት የማትችል ታካሚ ቃሏን ባለችበት ቦታ በሐኪም ፊት ጽፋ ብትፈርም፣ ወረቀቱም በሆስፒታሉ ማኅተም ታሽጎ ከተላከ፣ ካርዱ በዚያው ይታረማል። ግማሽ ገጽ ይበቃል። የደረሰብሽን ሁሉ እንድታወጪው አይጠበቅብሽም፤ ማን እንዳደረሰብሽና በምን እንደጎዳሽ አንቺ በፈቀድሽው ልክ ይሁን። አድራሻሽ ወረቀቱ ላይ አይጻፍ፤ ሐኪሟ የራሷን ታስቀምጥ። ከመጣ በኋላ ከጋሼ መደርደሪያና ከእኔ በቀር ማንም አያነበውም፤ ማንም ቢጠይቀኝም አላነብለትም።

አንድ ነገር ግን እንዳትተዪ። ያን ቀን መስኮቱ ላይ የነበረችው ጸሐፊ እህትሽ እንደነበረች፣ እውነቱንም እያወቀች ሌላ እንደጻፈች ይግባበት። ጋሼ መደርደሪያ «ይኼ እንኳ ባይገባ ይሻላል፤ ቅጣት አለው» ብሎኛል። ይኑረው። ከሥራ ቢያግዱኝም፣ ቀጥሎ የምትቀጠረው ልጅ አንዲት ሴት ዝም ብላ ወለል ስታይ አጠገቧ የቆመውን ሰው ቃል ከመጻፏ በፊት ትዝ ይላት ይሆናል።

እምቢ የማለት መብት አለሽ። እምቢ ካልሽ አልሟገትሽም። ነገር ግን የሚሆነውን ሳልሸሽግ ልንገርሽ፤ የአንቺ ካርድ ያለበትን መደርደሪያ ወደ ኮምፒዩተር የማስገባው እኔ ነኝ። «ከደረጃ ወድቃ» የሚለውን በእጄ ለሁለተኛ ጊዜ እጽፈዋለሁ፤ ከዚያ በኋላም አንቺ በደረስሽበት ሁሉ ከአንቺ ቀድሞ ይደርሳል።

ካርዶቹ የሚዘጉት ታኅሣሥ 15 ቀን በስድስት ሰዓት ነው። የሆስፒታል ፖስታ ከእናንተ ዘንድ እስከ እኛ አምስት ቀን ይፈጃል፤ አንድ ቀን ለመንገድ መበላሸት ይዤለታለሁ። ስለዚህ ግማሽ ገጹን ጽፈሽና ፈርመሽ ለሐኪምሽ እንድትሰጪያት የምለምንሽ እስከ ታኅሣሥ 9፣ ቢሮዋ ሳይዘጋ ነው።

ታናሽሽ